ማሽኑ ባዶ ነበር

«ማሽኑ እኮ ባዶውን ነበር የዋለው» አሉ የሟች እናት ለአትክልት ሻጯ። ትናንት ለጎረቤት ብለውታል፤ ከትናንት ወዲያ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣው ሰውዬ። ሰውዬው ስለ የትኛው ማሽን እንደሚወራ እንኳ ሳይገባው «አይ ጉድ» ብሎ ቁጥሩን መዝግቦ ሄደ። እሳቸው ግን ሰሚ አይመርጡም፤ በር ያንኳኳ ሁሉ ያችኑ ወሬ ይሰማል። «ሠራተኞቹ እግራቸውን ዘርግተው ስልካቸውን ሲነካኩ ነው አሉ የዋሉት። ልጄን አንዴ አስተኝተው ውስጡን ቢያዩት ምን ይቀንስባቸው ነበር? የሚስቱ እህት ናት፣ ያውም በሱ እጅ ተምራ ዶክተር የተባለች፣ ለዘመድ አዳላች እንዳይሏት እንደ ባዳ አይታ የመለሰችው።» አትክልት ሻጯ ከንፈሯን መጠጠች፤ በዚያው አፏ ቲማቲም ዛሬም መጨመሩን ተናገረች። የሟች እናትም ወዲያው ወደ ቲማቲሙ ዞሩ፤ የላላውን ለይተው መለሱ፣ ዋጋውን ተከራከሩ፣ ሲረቱ ደግሞ ቅርጫታቸውን እያነሱ «ባዶውን» አሉ እንደገና።

ሐኪሟ ይህን የምትሰማው ከመኝታ ክፍሏ ወደ ሳሎን በሚያወጣው ጠባብ መተላለፊያ ላይ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከታ ሌላውን ጫማ በእጇ ይዛ ነው። ወሬው ውሸት ቢሆን ኖሮ ዕዳው ገብስ ነበር። እሷ ለውሸት መልስ የሚያጥራት ሴት አይደለችም፤ ነርሶቹ ሲያሟት ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳል ነው የሚሉት። ችግሩ ወሬው እውነት መሆኑ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሲቲ ስካን ማሽኑ በእርግጥ ባዶውን ነበር። በራፉ ላይ ወንበሮቹ ተደርድረው አንድም ሰው አልተቀመጠባቸውም። የእህቷን ባል ሸኝታ ስትመለስ በዚያ በኩል አልፋለች፤ የበሩ መብራት ጠፍቶ አይታለች፤ ዛሬስ ደህና ቀን ነው ብላም ደስ ብሏታል። ይህን የመጨረሻውን ለማንም አልተናገረችም።

ቤቱ የሟች ነው። የቤት ቀለም ቀቢ ነበር፤ የስንቱን ባለጸጋ ሳሎን እንደ እንቁላል ውስጥ ሲያለሰልስ ኖሮ የራሱ ቤት ግድግዳ የጭስና የእጅ አሻራ መጫወቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሚስቱ ስትነዘንዘው «በነፃ አልሠራም፣ ተዋዋዪኝ» እያለ ይቀልድባት ነበር። በመጨረሻ አንድ እሑድ ተነስቶ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ከላይ ጀመረለት፤ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ። ወገቡ ላይ ሲደርስ ጓደኛው ለሥራ ጠራው። ግድግዳው እስከ ዛሬ ከወገቡ በላይ አረንጓዴ፣ ከወገቡ በታች አሮጌ ነው። ሦስቱ ሴቶች፣ እናት፣ ሚስትና የሚስት እህት፣ ራት ሲበሉ ማንም ወደዚያ ፊቱን አዙሮ አይቀመጥም። ሦስት ሰው አንድ ግድግዳ ሲሸሽ ወንበሮቹ እንዴት ጎን ለጎን እንደሚጣበቁ ያየ ያውቀዋል፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።

ታላቅ እህቷ ጓዳ ውስጥ ዳቦ እየቆረጠች ነበር። ሐኪሟ ገና ተማሪ ሳለች እዚህ ቤት ገብታ፣ እህቷ በልብስ ስፌት፣ እህቷ ያገባችው ሰው በቀለም ብሩሽ፣ ተጋግዘው አስተምረዋታል። ጠዋት ጠዋት ዳቦዋን ጠቅልላ የምትሰጣት ያኔም እህቷ ነበረች፤ ዛሬም ናት። ልዩነቱ ያኔ «ብይው ደግሞ፣ ለድመት እንዳትሰጪው» ትላት ነበር፤ አሁን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ወደ ማጠቢያው ትዞራለች። ተቆጥታ አታውቅም። አንድ ቃል ወቅሳት አታውቅም። አማቷ ሲያወሩ «ኧረ እማማ ተዉ» አትልም፣ «እውነትዎን ነው» አትልም። ሐኪሟ በልቧ ምነው ብትጮህብኝ፣ ምነው ይህን የዳቦ ቢላ ብትወረውርብኝ ትላለች። ዝም ያለ ሰው ፍርዱ አይታወቅም፤ ይግባኝ የለውም።

«እትዬ፣ ልሂድ» አለቻት።

«እሺ» አለች እህቷ፣ ቧንቧውን እየከፈተች።

የተጠቀለለውን ዳቦ ይዛ ወጣች። በአውቶቡስ ውስጥ የአንድ ወፍራም ሰው ክርን ጎኗን ሲወጋት፣ የት ጋ ነው የነካኝ ብላ አሰበች፤ ስድስተኛው ጎድን ላይ። የሰው አካል እንዲህ ሆኖባታል። የቆመ ሁሉ ደረት ነው፤ የሚያወራ ሁሉ ጎድን። ፌርማታው ላይ የቀለም ሽታ ሸተታት፤ አዲስ የተቀባ የሱቅ በር ነበር። አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ቀረች፤ ከኋላዋ የሚወርዱት ሰዎች «ምነው እህት፣ ችካል ሆንሽ» እያሉ አለፏት።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። የእህቷ ባል ደንበኛው ቤት ደረጃ ላይ መሰላል አቁሞ ሲሠራ መሰላሉ ተንሸራተተ፤ በጀርባው ወደቀ። ከፍታው ከአንድ ሰው ቁመት እምብዛም አይበልጥም። ከሰዓት በኋላ በእግሩ እየተራመደ፣ ቀለም የነካው ሸሚዙን እንደለበሰ ድንገተኛ ክፍል መጣ። አስተኛችው። ደረቱን ተጫነች፣ ጎኑን፣ ትከሻ አጥንቱን፣ ጀርባውን ከላይ እስከ ታች። «እዚህስ?» ስትለው «ምንም» ይላታል። «እዚህ ጋስ?» «ምንም። ይልቅ ያስተማርኩሽ መዥገር ለመንቀል ነው እንዴ?» ሁለቱም ሳቁ። ራጅ አስነሳችው፤ ንጹህ ነው። ድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መመሪያ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ከብዙ ከፍታ ካልወደቀ፣ ካልሰከረ፣ ካልደነዘዘ፣ ትኩረቱን የሚወስድ ሌላ ከባድ ጉዳት ከሌለው፣ ደረቱንና ጀርባውን ሲጫኑት ካላመመው፣ ራጁም ንጹህ ከሆነ፣ ሲቲ ስካን አያስፈልገውም። ያለ ምክንያት ሰውን ጨረር አታጠጡ፤ ማሽኑን ለሚሞተው ተዉለት ነው ነገሩ። እሷም ለዘመዴ ብዬ ሕግ አላጣምም የምትል ሰው ናት፤ በዚህ ትኮራለች። ወደ ቤቱ ላከችው። ሊነጋጋ ሲል ሚስቱ ብትዳስሰው ቀዝቅዟል። ሬሳውን የመረመረው ባልደረባዋ፣ በግራ ጀርባው በኩል አንድ ጎድን ተሰብሮ ከሥሩ ያለውን የደም ሥር ቀድዶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደረቱ ውስጥ ሲደማ ማደሩን ነገራት። ራጅ ላይ እንዲህ ያለ ስብራት ሊደበቅ ይችላል፤ ብርቅ አይደለም። ሆኖም ባልደረባዋ ጓንቱን እያወለቀ አንድ ነገር ጨመረ፤ «የሚገርመው፣ ይሄ ሲነካ ማስጮህ ነበረበት።»

ይሄ ሲነካ ማስጮህ ነበረበት። እሷ ነክታዋለች። አልጮኸም። እንግዲህ ወይ በደንብ አልተጫነችም፣ ወይ ቦታውን ስታለች፣ ወይ እየሳቀች ነበርና እጇ ሰነፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን ስትታጠብ እንደ ሰው ዕቃ ነው የምታየው።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ የክፍሉ ኃላፊ ጠሯት። ሽበታቸው ቅንድባቸው ላይ የቀደመ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ውስጥ ያለው ሁለተኛ ወንበር እግሩ ስለተሰበረ ቆመው አነጋገሯት።

«ኮሚቴው አይቶታል፤ ጥፋት የለባትም ብሏል። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር፤ ይህን ነግሬሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ደረቱን ያከከ ሁሉ ማሽን ውስጥ እየገባ ነው። ከላክሻቸው ውስጥ ምን የተገኘበት አለ?»

«ምንም» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ሰማችው።

«ልጄ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አልፈርድብሽም። ማሽኑ ግን አንድ ነው፤ እሱም እንደኔ ጡረታው የደረሰ ነው። ወይ እጅሽን አምነሽ በመመሪያው ሥሪ፣ ወይ ለጊዜው ተመላላሽ ክፍል ልመድብሽ። ዛሬ ከመውጣትሽ በፊት ንገሪኝ።»

ተመላላሽ ክፍል ማለት የደም ግፊት መለካት፣ መድኃኒት ማደስ፣ «ጨው ቀንሱ» ማለት ነው። ክቡር ሥራ ነው፤ እሷ ግን ለዚያ አልተፈጠረችም። እሷ ከድንገተኛ ክፍሉ ሌላ ችሎታዋን የምታውቅበት ቦታ የላትም። በር ተበርግዶ አልጋ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ሲጯጯህ፣ እጇን የታመመው ላይ አሳርፋ «ይሄ ይቆያል፣ ያኛው ይቅደም» የምትለዋ እሷ ነበረች፤ ትልልቆቹም ዞር ብለው ፊቷን ያዩ ነበር። ያ ከቀረ ምን ቀራት? በሰው ቀለም ብሩሽ የተገዛ ዲግሪ ግድግዳ ላይ። ስለዚህ ከቢሮው ስትወጣ ቁርጧን ወስና ወጣች፤ ዛሬ እንደ ድሮዬ እሠራለሁ።

የመጀመሪያው ታክሲ ነጂ ነበር። ከፊቱ የቆመውን መኪና ገጭቶ መሪው ደረቱን መታ አድርጎታል፤ ፍጥነቱ የጋሪ ነው። ሆዱ ትልቅ፣ አፉ ፈጣን። የተለመደውን ጥያቄ ጀመረች፤ ጠጥተሃል ወይ? ማስታገሻ፣ መርፌ፣ ሌላ ያደነዘዘህ ነገር ወስደሃል ወይ? የሰከረና የደነዘዘ ደረት ሐኪም ያታልላል፤ ይህ ለማያውቁት ሰው ሁሉ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ነጂው «ከጠዋት ጀምሮ የትራፊክ ፖሊስ ስድብ ብቻ ነው የወሰድኩት፣ ዶክተር» አላት። ተጫነችው። ከአንገቱ ሥር፣ ከመሀል አጥንቱ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ አስገልብጣ ጀርባውን አንድ በአንድ።

«እዚህ ጋስ ወንድሜ?»

«ምንም።»

«በደንብ ልጫን። እዚህስ?»

«ምንም አልኩሽ እኮ። ባለቤቴ ስትቆጣ ከዚህ ትብሳለች።»

ራጁ ንጹህ ነበር። ትንፋሹ እንደ ሕፃን። መመሪያው ወደ ቤቱ ይሂድ ይላል፤ ልቧም፣ ማለትም የድሮው ልቧ፣ ይሂድ ይላል። «ጨርሰሃል፣ ልበስ» ልትለው አፏን ስትከፍት፣ ሰውዬው ሸሚዙን ሊያነሳ ጀርባውን አዞረ። በግራ ጀርባው ላይ ምንም የለም። ቆዳ ነው፤ ላብ ነው፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ። እሷ ግን ያየችው ሌላ ጀርባ ነበር፤ ነጭ የቀለም ጠብታ የደረቀበት፣ ከውስጥ ቀስ እያለ የሚሞላ። «ቆይ፣ ሲቲ ትነሳለህ» አለችው። ድምፅዋ ለራሷም ችኩል ሆኖ ተሰማት።

የማሽኑን ባለሙያ «ካሜራ» ነው የሚሉት። ወረቀቱን አይቶ «ሙታንን አስነሺ መጣች» አለ፤ ደግ ልጅ ነው፣ ቀልዱ የት እንደሚያርፍ ያወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ይቅርታ ዶክተር፣ አመል ሆኖብኝ ነው» ብሎ ታክሲ ነጂውን ክንዱን ደግፎ አስገባው። ነጂው በመስታወቱ በኩል ለፎቶ እንደተዘጋጀ ሰው ፀጉሩን በእጁ አስተካከለ።

እሱ እዚያ ተኝቶ፣ ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት በደም ሥሩ ገብቶለት፣ አሮጌው ማሽን መሀል ላይ ቀጥ አለ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሲግል ያኮርፋል፤ አጥፍቶ፣ አቀዝቅዞ፣ እንደገና መቀስቀስ ነው። ካሜራ ቁልፎቹን ሲነካካ ነው የድንገተኛው በር የተበረገደው። መንገድ ስትሻገር መኪና የመታት፣ የዕቃ መሸጫ ጠረጴዛዋ አብሯት የተሰባበረ ሴትዮ ናት። ለዚህች መመሪያም አያስፈልግም ነበር፤ የደረቷ መሀል በልዟል፣ ጣት ሲያርፍበት ታቃስታለች፣ ትንፋሿ ግማሽ ግማሽ ነው፣ ራጁም ሰፋ ያለ ጥላ አሳይቷል። ይህች ናት ማሽኑ የሚጠበቅላት ሰው። ቀዶ ሐኪሙ የደማው የት እንደሆነ ማየት ፈለገ፤ «ሲቲው?» አለ። ካሜራ በሩ ላይ ቆሞ «ቆሟል» አለ። ቀዶ ሐኪሙ «ማን አለበት?» አለ። ኃላፊው አልጋው ራስጌ ቆመው ነበር፤ ዞር ብለው ሐኪሟን አይተው መልሰው ወደ በሽተኛዋ አጎነበሱ። ዞር ያሉበት ያ አስተያየት፣ እህቷ ማጠቢያው ላይ እንደምትዞረው ያለ ነበር።

ሴትዮዋ ያለ ምስል ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች። ደረቷን ከፍተው እየፈለጉ አገኙት፤ በሕይወት ወጣች። ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ የግንባሩን ላብ በክርኑ እየጠረገ «ዕድለኛ ናት፤ በጨለማ ቤት መርፌ ነው የፈለግነው» አለ። የታክሲ ነጂው ምስልም ማሽኑ ሲነቃ ወጣ። ንጹህ ነበር፤ ከራጁም የባሰ ንጹህ። ነጂው ኮሌታውን እየቆለፈ «አላልኩም?» አላት። «ግን እግዜር ይስጥሽ፤ እንዳንቺ የሚጠነቀቅ ሐኪም አላየሁም። ለሰፈሩ ሁሉ ነው የማወራልሽ።» ይህን ሲላት የምትገባበት ቀዳዳ አጣች።

ከሰዓት በኋላ ራሷን እያመማት ኃላፊው ቢሮ ሄደች። አሁንም ቆሙ።

«ተመላላሽ ክፍል ይመድቡኝ» አለቻቸው።

«አልገፋሁሽም» አሉ በዝግታ። «አንድ ቀን ነው፤ ይለምድልሻል። ሴትዮዋም ተርፋለች።»

«የተረፈችው በቀዶ ሐኪሙ ነው። እኔ እጄን አላምነውም፣ ጌታዬ። ስነካ ይዋሸኛል። የሚዋሽ እጅ ይዤ እዚህ ልቁም?»

ለነገ ጠዋት ሌላ ሐኪም እንዲተካ ስልክ ደወሉ፤ እሷ እያለች። የስልኩ ወሬ አጭር ነበር፤ «አዎ… አይ፣ በራሷ ፈቃድ ነው… አዎ፣ በቋሚነት ያዘው።» በቋሚነት የምትለዋን ቃል ስትሰማ ራስ ምታቷ ከግንባሯ ወደ ማጅራቷ ወረደ። ወጥታ መሳቢያዋን አራገፈች፤ ማዳመጫዋን፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ጠዋት ያልበላችውን ዳቦ። ነርሶቹ ሰምተዋል፤ ሆስፒታል ውስጥ ወሬ ከአሳንሰር ይፈጥናል። አንደኛዋ «እንግዲህ ግፊታችንን ትለኪልናለሽ» አለቻት፣ ለማሳቅ። እሷም «ያንቺን አያስፈልግም፣ ከሩቅ ይታያል» ብላ መለሰችላት። ምላሷ ብቻ ነበር በቦታው የቀረው።

ቤት ስትደርስ ገና ጀምበር አልጠለቀችም። የሟች እናት ጎረቤት ሄደዋል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እህቷ ጓዳ ውስጥ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ሐኪሟ ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ተደግፋ «እትዬ፣ ድንገተኛ ክፍልን ለቀቅሁ» አለች። ለምን እንደነገረቻት አታውቅም፤ ሌላ የሚነገረው ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

የእህቷ እጅ ቆመ። ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ስታያት የመጀመሪያዋ ነው። ፊቷ ላይ ሐኪሟ የፈራችው ነገር አልነበረም። ድካም ነበር፤ ሌላ ምንም።

«በእማማ ወሬ ነው?»

«አይ። በራሴ ነው። ራሴን እየፈለጠኝ ነው፣ ተይኝ አሁን።»

«ነይ ተቀመጪ» አለቻት። ድንቹን ወደ ጎን አድርጋ ተነሳች፤ እጇን በቀሚሷ አበሰች። «እኔ እኮ አልተቆጣሁሽም። ምን ብዬ እንደማወራሽ ጠፍቶኝ ነው። አፌን ከከፈትኩ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ አንቺን የከሰስኩሽ ይመስላል። እና ዝም አልኩ።» ሐኪሟ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እህቷ መኝታ ቤት ገብታ መሳቢያ ስትስብ ተሰማ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃና የተጣጠፈ የኪኒን ቅጠል ይዛ ተመለሰች።

«ይሄን ዋጪ። ከቀዶ ጥገናዬ የተረፈ ነው፤ አንዷ ፍሬ ትበቃለች፣ ድንጋይ ታስተኛለች።»

ሐኪሟ ቅጠሉን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። የምታውቀው መድኃኒት ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሰጥም። ከመሀሉ ሁለት ጎድጓዳዎች ባዶ ነበሩ።

«ሁለቱን ለሱ ነው የሰጠሁት» አለች እህቷ፣ ዓይኗ ወዴት እንዳረፈ አይታ። ድምፅዋ ከወራት በኋላ ለስለስ ብሎ ነበር፤ ስለ ባሏ ማውራት መቻሏ ራሱ የቀለላት ይመስላል። «ያን ቀን ከሥራ ሲመጣ ወደ አንቺ ከመላኬ በፊት። መተንፈስ አቅቶት፣ ጀርባዬን አትንኪኝ እያለ፣ ፊቱ ሁሉ አመድ መስሎ ነበር እኮ። ታውቂው የለ፣ ኪኒን የሰነፍ ከረሜላ ነው እያለ፤ በግድ ነው ያስዋጥኩት። ትንሽ ጋደም አለና ሲነሳ ሌላ ሰው ሆነ። አሁን እህትሽ በእግሯ ብትቆምብኝም አይሰማኝም ብሎ እየሳቀ ነው የወጣው።» ብርጭቆውን ወደ እሷ አስጠጋችላት። «ሌሊት ሌሊት የምጽናናው በሱ ብቻ ነው፤ ቢያንስ እየተሠቃየ አልዋለም እያልኩ። አንቺ ጋ ሲደርስ ለቆት ነበር፣ አይደል?»

ማስታገሻ ወስደሃል ወይ የሚለውን ጥያቄ ለሱ አልጠየቀችውም ነበር፤ የቤት ሰው ነው። ሐኪሟ ውሃውን አነሳች፤ ጠጣች፤ አስቀመጠች።

«አዎ፣ እትዬ» አለቻት። «ለቆት ነበር።»